ጉልበት ሲሳም ሜኑ ፍለጋ

ጥርና ሚያዝያ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ብቅ ያለ ሰው ሠርግ አያጣም፤ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣትም እንዲሁ። ልብ ብላችሁ እዩት እስቲ። ከሙሽሮቹ ይልቅ የካሜራውን ጀርባ ነው የሚያየው። «የዘንድሮ ልጅ ዓይኑ ስክሪን ላይ ተተክሎ ቀረ» ብለን ልንወርድበት ይቃጣናል። እኔ ግን ጠበቃው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይታገላል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ የሙሽሪት ጠይም ፊትም አብሮ ይጨልማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኤክስፖዠሩን ወደ ፕላስ ገፋ ማድረግ። ይህ ሥራ አውራ ጣት ሥር ላለች ተሽከርካሪ ቁልፍ ከተሰጠ ዓይን ከመመልከቻው ሳይነሣ ያልቃል። ሜኑ ውስጥ ከተቀበረ ግን ተፈልጎ እስኪገኝ ሙሽሪት የአባቷን ጉልበት ስማ ተነሥታለች፤ አባትም ዕንባቸውን ጠርገዋል። መቼም «ይደገምልን» የሚል አይጠፋም! ሁለተኛው ዕንባ ግን ትወና ነው።

የሶቪየቱ ዜኒት-ኢ ከ«ቢ» ሌላ አምስት ፍጥነት ብቻ ነበረው፤ ሁሉም አንድ ቁልፍ ላይ ተጽፎ። ወደዚያ እንመለስ አልልም፤ የዛሬው ካሜራ በደብዛዛ አዳራሽ የሚሠራውን ዜኒት በሕልሙም አያየው። ግን ማውጫው ከመጽሐፉ የከበደ መጽሐፍ ማን ያነባል? ሶኒ ስንት ተጠቃሚ ያማረረበትን ሜኑ እንደ አዲስ ያደራጀው በ2020 እ.ኤ.አ. ከኤ7ኤስ 3 ጋር ነው።

የእኛ ልጅ ችግር ደግሞ ድርብ ነው፤ ካሜራው ብዙ ጊዜ የኪራይ ነው። ቅዳሜ ካኖን፣ እሑድ ኒኮን። የአንዱ ዙም ወደሚዞርበት የሌላው አይዞርም። በቀድሞዎቹ ኒኮኖች የኤክስፖዠሩ ፕላስ በስተግራ ነበር፤ በካኖን በስተቀኝ። ላዩ ላይ ያለፈው ተከራይ የተወው ቅንብር አለ። ከአንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ወደ ሌላው ተሻግሮ «ጨ»ን ሲፈልግ ሐሳቡ የጠፋበት ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል። እጅ ሳይለምድ ዓይን ነፃ አይወጣም።

አከራዩ ሲያስረክብ ባትሪና ሚሞሪ ቆጥሮ ነው፤ የፊተኛውን ቅንብር አጥፍቶ፣ «ፕላሷ እዚህ ናት» ብሎ አሳይቶ ቢሰጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። አሁን ልጁ ሜኑውን የሚያጠናው ታክሲ ውስጥ ነው። ከገርጂ ቦሌ ደግሞ ሩቅ አይደለም።