ገሣ የለበሰ ሞተር

በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን እስኪፈጸም ድረስ፣ በደጋው አገር ከብት ሲጠብቅ የሚውለው እረኛ ከራሱ ላይ ደፍቶት የሚሄደውን ገሣ ቀርቦ የመረመረ ሰው፣ ያ የሣር ልብስ ፊቱ ያልተዘጋ፣ ግርጌው ያልታሰረ፣ በሙጫ ያልተደፈነ ሆኖ ሳለ፣ ከውስጡ ያለው ልጅ ቀኑን ሙሉ በዶፍ መካከል ቆሞ ጀርባው ደረቅ ሆኖ የሚያመሽበትን ምሥጢር ለመረዳት ብዙ አይደክምም። እያንዳንዱ የሣር ዘለላ የተቀበለውን ጠብታ ከበታቹ ላለው ያስረክባል እንጂ ይዞ ለማስቀረት አይሞክርም፤ የመጨረሻውም ለመሬት ይሰጣል፤ የእረኛውም ትንፋሽ በተከፈተው በኩል ይወጣል። አንድ መካኒክ የመኪናን ሞተር ከዝናም ለመጠበቅ የሠራውን ሥራ አይ ዘንድ በተጠራሁ ጊዜ ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ጥያቄ ከዚህ ከገሣ የተማርሁት ነው። ውሃው በየት ተከለከለ ብዬ ሳይሆን፣ የገባው ውሃ በየት ይወጣል ብዬ እጠይቃለሁ።

ለዚህ ምርመራ ከቮልስዋገን የተሻለ ናሙና አላውቅም። ይህች በአገራችን በቁልምጫ ቮልስ የምትባለው መኪና ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ ራዲያተር የሌለው፣ በነፋስ ብቻ የሚበርድ ስለ ሆነ፣ ከኋላ መስታወቷ ሥር በተቀደዱት ቀጫጭን መስኮቶች በኩል ታላቅ ነፋስ ሳታቋርጥ መሳብ አለባት። ውሃ ፈርቶ እነዚያን መስኮቶች የዘጋ ሰው ሞተሩን ከዝናም አድኖ በእሳት ይገድለዋል። እንግዲህ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም በሚወርድባትና የዚህም የሚበዛው በክረምት ወራት በሚፈስባት በአዲስ አበባ፣ ነፋሱን አስገብቶ ዝናሙን መለየት፣ አንዱን በር ለወዳጅ ከፍቶ በዚያው በር የሚመጣውን ባላጋራ የመመለስን ያህል ብልሃት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከፋብሪካ የወጣችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ስለ ሆነ፣ ዛሬ በየመንደሩ የምናያቸውን በሕይወት የሚያኖራቸው የባለ እጆቹ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ሥራውን ከመፍረዳችን አስቀድሞ ግን የሁለቱን ባላጋሮች፣ የእሳቱንና የውሃውን፣ ባሕርይ ማወቅ ይገባል። ከባትሪው የሚመጣው ኃይል ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ቦቢናው ይህን ትንሽ ኃይል ከፍ አድርጎ ከ10 ሺህ እስከ 25 ሺህ ቮልት ያደርሰዋል፤ ዲስትሪቢውተሩም፣ ማለት እሳት አከፋፋዩ፣ ተራ እየጠበቀ ለአራቱ ካንዴላዎች ያድለዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞርበት ሰዓት በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 100 የእሳት ብልጭታ ይታደላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብርቱ ኃይል ወደ ካንዴላው ጫፍ ደርሶ ከመዝለል ይልቅ የቀለለ ፍኖት ካገኘ በዚያው ይሾልካል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ከሰማይ የወረደው ንጹሕ ማየ ዝናም ብቻውን እሳቱን የሚያስተላልፈው እጅግ በጥቂቱ መሆኑ ነው፤ እሳቱን አሳልፎ የሚሰጠው ከዝናሙ በፊት በቆቡና በገመዱ ላይ የተኛው አቧራ፣ የዘይት ቅባትና የባትሪ ጨው ከውሃው ጋር የተዋሐደ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ገመዶቹንና የዲስትሪቢውተሩን ቆብ በንጹሕ ጨርቅ አብሶ ያደረቀ መካኒክ፣ አንዳች የጎማ ክዳን ሳይጨምር የሥራውን እኩሌታ ፈጽሟል። እኔም ጣቴን በቦቢናው አንገት ላይ አሳልፌ የሚጠቁርብኝ ከሆነ የቀረውን ለማየት አልቸኩልም።

ይህን ሁሉ አላውቅም በነበረበት በወጣትነቴ ዘመን የደረሰብኝን ልናገር። ክረምት ሲቃረብ ቮልሴን ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄ ከዝናም እንዲጠብቁልኝ አደራ ሰጠሁ። ሲመልሱልኝ የዲስትሪቢውተሩ ቆብ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ በማስቲሽ ተለስኖ፣ ከሥሩ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ እንኳ ሳትቀር ተደፍና፣ ገመዶቹም እንደ ሕፃን በላስቲክ ተጠቅልለው አገኘኋቸው፤ ደስ ብሎኝም ከተጠየቅሁት በላይ ከፍዬ ወጣሁ። በነሐሴ ወር ወደ ደሴ ስጓዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በጣርማ በር፣ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለ ነበር ሻይ ልጠጣ ቆምሁ፤ ተመልሼ ቁልፉን ባዞር ሞተሩ ይንፈራገጣል እንጂ አይነሣም። ዝናም አልዘነበም፤ ቆቡም ከውጭ ሲታይ ደረቅ ነበር። የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወርደው ማስቲሹን በቢላዋ ላጡና ቆቡን ገልብጠው አሳዩኝ፤ ውስጡ እንዳላበው ግንባር በጠብታ ተሞልቷል።

«ልጄ፣ ይህ የደመና ውሃ አይደለም፤ የገዛ ትንፋሹ ነው። መውጫ ነሥታችሁት» አሉኝ።

ቆቡን በመሐረባቸው ጠርገው፣ ከካፖርታቸው ሥር በብብታቸው ይዘው አሞቁት፤ የተደፈነችውንም ቀዳዳ በሚስማር ከፈቷት። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ስላቸው፣ እርሳቸው እጃቸውን እየጠረጉ ወደ መኪናቸው ሄደው ነበር።

ሽማግሌው ያሉት ነገር ተፈጥሮ ራሷ የምትመሰክረው ነው። ሞተሩ ሲሠራ በቆቡ ውስጥ ያለው አየር ይሞቃል፤ ይሰፋል፤ ሲቆም ደግሞ በርዶ ይኮማተርና በስንጥቁ ሁሉ ከውጭ እርጥብ አየር ይስባል፤ የሳበውም እርጥበት በቀዘቀዘው ቆብ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ከዚህም በላይ፣ በቆቡ ውስጥ ዘወትር የሚዘለው ብልጭታ ብረት የሚበላ ሹል ሽታ ያለው አየር ስለሚወልድ፣ ያ አየር ካልወጣ ፑንቲናውን፣ ማለት ኃይሉን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን ብረት፣ ያዝገዋል። ውሃ ውስጥ ገብተው እንዲሻገሩ ተብለው የተሠሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950 ጀምሮ የወጡት ኤም 38 የተባሉት የአሜሪካ ጦር ጂፖች እንኳ፣ ዲስትሪቢውተራቸው ውሃ እንዳይነካው ፈጽሞ የታሸገ ቢሆንም፣ መሐንዲሶቹ በቀጭን ቱቦ ከሞተሩ የአየር መንገድ ጋር አገናኝተው እንዲተነፍስ አድርገውታል። የኖኅም መርከብ በውስጥና በውጭ በቅጥራን እንድትለቀለቅ በታዘዘችበት በዚያው ትእዛዝ መስኮት ይደረግላት ዘንድ መታዘዙን ሳነብ ያ ጂፕ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ በማስቲሽ የተለሰነ ዲስትሪቢውተር ባየሁ ቁጥር፣ ልስኑ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሠሪው ሥራውን ያልተረዳ መሆኑን ሳልጠራጠር እፈርዳለሁ።

መልካም ሥራ የሚታወቀው ከዚህ ይልቅ በአደራረብና በአዘቅዛቂነት ነው። ከገመዶቹ እጀምራለሁ። ከዲስትሪቢውተሩ ቆብ ተነሥቶ የሚሄድ ገመድ ወደ ካንዴላው ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ፣ በላዩ ያረፈው ጠብታ ሁሉ እንደ አሸንዳ ተከትሎት ካንዴላው ቆብ ውስጥ ይገባል፤ ብልህ ሠሪ ግን ገመዱን ትንሽ አርግቦ ከመግቢያው በታች እንዲደፋ ያደርገዋል፤ ጠብታውም ከደፋው ሆድ ላይ ደርሶ ወደ ምድር ይወድቃል። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው አንድ ጣት የሚያህል ትርፍ ገመድና ሐሳብ ብቻ ነው። ገመዶቹን ለውበት ሲል ወጥሮ በአንድነት ያሰራቸውን ሰው ግን እጠረጥረዋለሁ፤ ከውሃው በቀር፣ ተጠግተው የታሰሩ ገመዶች እርጥበት በነካቸው ጊዜ እሳታቸውን ይቀማማሉና። በቮልስ ካንዴላ ገመዶች ላይ ያሉት ሰፋፊ የጎማ አንገቶች ደግሞ ዋና ሥራቸው ዝናምን መከልከል ሳይሆን የሚያበርደው ነፋስ በላሜራው ቀዳዳ እንዳያመልጥ መዝጋት ነው፤ ጎማዎቹ የጠፉባት ቮልስ በበጋም ትታመማለች፤ ይህን ሳያውቅ ዝናምን ብቻ አስቦ በጨርቅ የሚወትፍ ሰው አለ።

ከዚያ ወደ ኮፈኑ እመለከታለሁ። ተከፋች ጣሪያ ያላቸው ቮልሶች የኋላ ኮፈናቸው ራሱ የነፋስ መስኮት የተቀደደለት በመሆኑ፣ ፋብሪካው ከመስኮቶቹ ሥር ውሃውን ተቀብሎ ወደ ጎን የሚመልስ የላሜራ ትሪ አድርጎላቸዋል። ቀለም ለመቀባት ያወጡትን ይህን ትሪ ሳይመልሱ ወዲያ የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው፤ መኪናዋም ከመስታወት በጠራ ቀለም አብርታ ከጋራዥ ትወጣና በመጀመሪያው ዶፍ ትቆማለች። የባሰው ደግሞ ሞተሩን ያበርዳል በሚል ግምት ኮፈኑን በብረት ዘንግ ከፍ አድርጎ ማቆም ነው፤ ይህን ያደረገ ሰው በኮፈኑ ዙሪያ የተዘረጋውን ጎማና ውሃውን ወደ ታች የሚወስደውን ቦይ ከንቱ አድርጎ፣ ዝናሙን በቀጥታ ወደ ሞተሩ ጋብዞታል።

የላሜራ አደራረብ ነገር ከተነሣ እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ያወጧትን ሚኒ የተባለችውን መኪና ሳላነሣ አላልፍም። አሌክ ኢሲጎኒስ በታላቅ ጥበብ የነደፋት ይህች መኪና በመጀመሪያ ስትወጣ ወለሏ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ምክንያቱም ሁለቱ የወለል ላሜራዎች የተደራረቡበት ከንፈር ፊቱ ወደ መንገዱ የዞረ ስለ ነበር፣ መኪናዋ ስትሮጥ ውሃውን እንደ ማንኪያ ትዝቀው ነበር። ጎጆ የሚከድን የገጠር ሰው ከታች ወደ ላይ እየደረበ እንጂ ከላይ ወደ ታች እንደማይከድን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ሊደንቀው ይችላል። ደግሞም ሙከራ ላይ ሳለች ካርቡራተሯ ከፊት ሆኖ በረዶ እየያዘው ስላስቸገረ ሞተሩ ዞሮ እንዲቀመጥ በመደረጉ፣ ዲስትሪቢውተሩ ከፊት ፍርግርግ ጀርባ ለዝናም ተጋልጦ ቀረ። ባለ መኪናዎቹ የጎማ የእጅ ጓንት አልብሰውት ገመዶቹን በጣቶቹ በኩል ያወጡ ነበር። ያን ጓንት ያሰበውን ሰው አመሰግነዋለሁ፤ መዳፉ ሰፊና ወደ ታች የተከፈተ ሆኖ ውሃውን ከላይ ያፈስሳል፤ ከሥር ያስተነፍሳል፤ ይኸውም የጎማ ገሣ ነው።

ዲስትሪቢውተር የሌላቸው የዛሬ መኪናዎች፣ ቦቢናቸው በየካንዴላው ራስ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ሐሳቡ ወደ ሌላ ስፍራ ይዛወራል። በእነዚህ ላይ የማየው ከፊት መስታወቱ ግርጌ ያለውን የውሃ መቀበያ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል መውጫውን ደፍኖት እንደሆነ፣ ውሃው ሞልቶ በሞተሩ ራስ ላይ ይፈስሳል፤ ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድም ኩሬ ይሆናል። ሞተሩን በግፊት ውሃ የሚያጥቡ ሰዎችም ይህንኑ ኩሬ በበጋ ይፈጥሩታል።

ወደ ዲስትሪቢውተሩ ስንመለስ ግን፣ የቆቡ ነገር ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። እሳቱ አንድ ጊዜ በእርጥብ አቧራ ላይ ከሾለከ በኋላ ያለፈበትን አቃጥሎ ከፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ያስቀራል፤ መስመሩም ከሰል ስለ ሆነ፣ ቆቡ ቢደርቅም እሳቱ ያንን መንገድ አይረሳውም። እንዲህ ያለውን ቆብ አድርቆና ወልውሎ የሚመልስ መካኒክ ሰነፍ ነው፤ አዲስ ቆብ የሚጠይቅ ግን ገንዘብ ሊያስወጣኝ ነው ተብሎ ሊጠረጠር አይገባውም። የተደበቀ ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅ፣ በጨለማ ሌሊት ሞተሩን አስነሥቶ፣ እጅን ከገመዶቹ አርቆ፣ አበባ በሚረጩበት መርጫ እንደ ጤዛ የቀጠነ ውሃ በላዩ መንፋት ይበቃል፤ ሥራው የተበላሸ ከሆነ ሰማያዊ ክር የመሰለ እሳት በቆቡና በገመዱ ላይ ሲሳብ ይታያል፤ መልካም ከሆነ ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቆያል፤ የሞተሩም ድምፅ አይለወጥም።

በመጨረሻ የማደርገው አንድ ሙከራ አለ፤ እርሱንም በቀን፣ ሞተሩ ጠፍቶና በርዶ ሳለ፣ ባለ መኪናውና መካኒኩ አብረውኝ ቆመው ነው። ከመኪናዋ በስተኋላ ደረቅ ጋዜጣ መሬት ላይ እዘረጋለሁ፤ በማጠጫ ውሃ ከኋላ መስታወቱ ላይ በዝግታ አፈስሳለሁ፤ ከዚያም ተንበርክኬ ጋዜጣውን እመለከታለሁ። ውሃው ወዲያው በሁለቱ ጠርዞች በኩል ወርዶ ጋዜጣውን ከግራና ከቀኝ ሲያርሰው፣ መካከሉ ግን ደረቅ ሆኖ ሲቀር፣ ተነሥቼ መካኒኩን እጅ እነሣለሁ። ያፈሰስሁት ውሃ ሁሉ ሳይወጣ የዘገየ እንደሆነ ግን ኮፈኑን እንዲከፍትልኝ እለምነዋለሁ፤ ጋዜጣውም እዚያው እንደተዘረጋ ይቆያል።