ሂሳቡን ማን ከፈለ?

«በዚህን ያህል ብር ባሕር ዳርን ዞርኩ» የሚሉ ቪዲዮዎችንና ጽሑፎችን ጦርነቱም አላቆማቸውም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የመንግሥት ሠራዊትና ፋኖ መዋጋታቸውን ቀጠሉ፤ የርካሽ ጉዞ ወጉ ግን እንዳለ ነው። ጣና ያው፣ ዓሣ ጥብሱ ያው፣ የዘጌ ጫካ ያው። የተጨመረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እንደሚወራው አይደለም፣ ሰላም ነው።»

ዋሹ እያልኩ አይደለም። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር ሰላም ሊሆን ይችላል። የእኔ ችግር ሂሳቡ ላይ ነው። የአልጋ፣ የምግብ፣ የባጃጅ ተብሎ ብር በብር ይደመራል፤ ጉዞውን ርካሽ ያደረገው ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እንግዳ የጠፋበት ጀልባ ነጂ ዋጋ ሲቀንስ ተጓዡ «ተከራክሬ አስቀነስኩ» ይለናል። ያ ቅናሽ እኮ የተጓዡ ብልሃት አይደለም፤ የጦርነቱ ኪሳራ ነው። ልዩነቱን የከፈለው ጀልባ ነጂው ነው።

ይህን ጉድለት ዩቲዩብ አልፈጠረውም። በጣና ዙሪያ በጦርነት መሃል ስለመጓዝ ከተጻፉት መጻሕፍት ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ የስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ነው፤ ራስ ሚካኤል ስሑልና የዳሞቱ ፋሲል በሚፋለሙበት ዘመን። በግንቦት ከራስ ሚካኤል ጦር ጋር ወጥቶ ጢስ ዓባይን አየ፤ በኅዳር ግሽ ዓባይ ደረሰ። ጉዞውን የተረከበት ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ በ1790 ታተመ።

ከመጽሐፉ ሁሉ እኔን የያዘኝ ወደ ግሽ ሲያመራ ከፋሲል ጋር የተገናኘበት ክፍል ነው። ከወራት በፊት ብሩስ ተከትሎት የወጣው ጦር የዘመተው በዚሁ ሰው ላይ ነበር። ፋሲል ግን አሳለፈው። መንገድ መሪ ሰጠው፤ የራሱንም ፈረስ ከነኮርቻው ከነልጓሙ ሰጥቶ «ከፊትህ ይሂድ» አለው፤ የአገሩ ሰው ፈረሱን አይቶ እንዲያሳልፈው። የይለፍ ወረቀቱ ፈረስ ነበር ማለት ነው። ኬላ ላይ መታወቂያ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

እዚህ ድረስ ብሩስ ትልቅ ጸሐፊ ነው፤ ምክንያቱም የማን ባለ ዕዳ እንደሆነ ያሳየናል። ምንጩ ጋ ሲደርስ ግን ሂሳቡን በራሱ ስም ይዘጋል። ከምንጩ ውሃ ቀድቶ ለእንግሊዝ ንጉሥ ጤንነት ይጠጣል፤ ቦታውን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ ይላል። ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ደርሶበት ነበር። ከዚህ የሚብሰው የጉዞ ጓደኛው ነገር ነው። ሠዓሊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ግሽ ድረስ አብሮት ነበር፤ ጎንደር ላይ የሞተው ከዚያ በኋላ በ1771 ነው። ብሩስ ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈው። አብሮት የለፋውን ሰው ከታሪኩ አወጣው ማለት ነው።

አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በዚህ ትሻላለች። በ1968 በታተመው መጽሐፏ ከበቅሎ ጋር ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ በእግር የሄደችውን ትተርካለች። ያደረችው በየገበሬው ቤት ነው፤ አስተናጋጆቿም ቢያንስ ገጹ ላይ አሉ። ግን የእሷን መንገድ ዛሬ ለመድገም የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ። «ቤት ለእንግዳ» የሚል ባለቤት በሩን የሚከፍተው ለአንድ ሌሊት ነው። በማግስቱ የታጠቀ ሰው መጥቶ «ትናንት እዚህ ያደረው ማን ነው?» ሲል የሚመልሰው እሱ ነው፤ እንግዳው ሄዷል።

የውጭ መንግሥታት የጉዞ ማስጠንቀቂያም ከዚህ አይርቅም። ክልሉን በአንድ ቀለም ቀብቶ «አትሂዱ» ይላል። ባይሄድም ለሚችል ሰው የተጻፈ ነው። ሶፍትዌር መሥራት ሥራዬ ስለሆነ ይህ የእኛንም ካርታዎች ያስታውሰኛል። አቅጣጫ ጠቋሚ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ መንገድ ክብደት ይሰጣል፤ ርቀት፣ ሰዓት፣ የመኪና መጨናነቅ። ከዚያ ትንሹን ድምር ይመርጣል። ከአዲስ አበባ በደጀንና በደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሚገባውን ሰማያዊ መስመር የሚያወጣው እንዲህ ነው። የተጓዡ ኪስ ግን እንደ ክብደት አይገባም። የአውሮፕላን ቲኬት የሚገዛ በላይ ያልፋል፤ የማይችል በአውቶቡስ ዓባይ በረሃን ይወርዳል። በጦርነት ጊዜ ርካሹ መንገድ ብዙውን ጊዜ አደገኛው ነው።

በዚያ መንገድ የሚሄዱት ደግሞ ቪዲዮ ቀራጮች አይደሉም። ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በሽተኛ የሚያመጡ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ፣ እህል የሚነግዱ ናቸው። የእነሱ የጉዞ ጽሑፍ ከመነሳታቸው በፊት የሚደውሉት ስልክ ነው። «መንገዱ እንዴት ነው?» ሲባሉ «ሰላም ነው» ብለው አይዘጉም። እስከ የት? ዛሬ መኪና አልፏል? ከስንት ሰዓት በፊት? ወጣት ወንድ ያሳልፋሉ? መልሱ ቀንና ቦታ አለው፤ ከነገ ወዲያ እንደማይሠራም ሁለቱም ያውቃሉ።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ከጉዞ ጸሐፊዎቻችን ብጠብቅ ብዙ አይመስለኝም። ባሕር ዳር ሂዱ፤ ስለ ጣናም ጻፉ፤ የከተማው ሰው እንግዳ ይፈልጋል። ግን ጀልባው በስንት እንደወሰዳችሁ ስትነግሩን፣ ድሮ ስንት እንደነበረም ጠይቃችሁ ጻፉት። የተነሳችሁበትን ቀን፣ በአየር ይሁን በመኪና የመጣችሁትን ጻፉ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደደወለና ለማን እንደደወለም ጨምሩበት።