የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ለሕፃናት፤ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ዜማውና ስለ ተረቱ

የካቲት በመጣ ቍጥር በየመዋዕለ ሕፃናቱ ስለ ዐድዋ ይዘመራል፤ ትንንሾቹም የእንጨት ጐራዴ ታጥቀው ይፎክራሉ። የ1888 ዓ.ም. ድል የመላው ጥቁር ሕዝብ መኩሪያ ነውና ይህ መደረጉ ተገቢ ነው። በባሕር ማዶም ካርተር ዉድሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የታሪክ ሊቅ፣ የወገኖቹ ታሪክ ከመማሪያ መጻሕፍት ተዘንግቶ መቅረቱ አሳስቦት፣ በ1918 ዓ.ም. በየካቲት መባቻ የጥቁሮችን የታሪክ ሳምንት ጀመረ። ይሁን እንጂ ለአምስት ዓመት ሕፃን የምናቀርበው ነገር ምን ዐይነት ሊሆን ይገባዋል? ይህ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ነው።

በሥዕሉ እንጀምር። በጥንቱ የአሣሣል ሥርዐታችን በጎው ሰው ሁለት ዐይኑ እየታየ ሲሣል፣ ጠላት ግን በጐን፣ በአንድ ዐይን ይሣላል። ብዙዎቹ የዐድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ይከተላሉ። ቀለማቸው ደማቅ፣ ሰልፋቸው ያማረ ነው። ነገር ግን ንጉሡና መኳንንቱ በየመልካቸው ተለይተው ሲታወቁ፣ የእግረኛው ፊት ሁሉ አንድ ዐይነት ነው። ሕፃኑ «የእኔ ቅድመ አያትስ የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሥዕሉ መልስ አይሰጠውም።

ከዲላ በስተደቡብ በምትገኘው በወናጎ ግን መልሱ ከደጅ ነው። ከከተማይቱ ብዙም ሳይርቅ በቱቱ ፈላ በመቶ የሚቈጠሩ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሰው መልክ ተቀርጾባቸዋል። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የምድሪቱ ትክል ድንጋዮች ከምክንያቶቹ አንዱ ነበሩ። ሕፃኑን ወደዚያ ወስዶ፣ ሲመለስ ጭቃ ቢሰጡት፣ ጥቁር ሕዝብ ከጦርነት በፊትም ሠሪና ቀራጭ እንደ ነበረ በገዛ እጁ ይረዳዋል።

በዜማውም እንዲሁ ነው። ሽለላና ፉከራ ብቻ የሰማ ልጅ ኵራት ከጠላት ጋር ብቻ የሚገኝ ይመስለዋል። ደራሮ በተባለው የጌዴኦ የምስጋና በዓል የሚዜመው ግን ስለ ምርትና ስለ ሰላም ማመስገን መሆኑን ያስተምረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተረቱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ለባለ ርስት የሚከፈለው የቡና ድርሻ ቢበዛባቸው ተነሡ፤ በሚጪሌም ብዙ ሰው ወደቀ። በዚያ ገዳዩም ተገዳዩም ጥቁር ነበር። ይህን የሚያልፍ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ለወናጎ ልጅ ግማሽ ታሪክ ነው። በእርግጥ ለሕፃን ስለ ደም አይተረክም። ነገር ግን አያት በጌዴኦኛ፣ እሳት ዳር፣ «ቡናውን የምንለቅመው እኛ ነበርን፤ የሚወስዱት ግን ሌሎች ነበሩ፤ አንድ ቀን እምቢ አልን» ብላ ብትነግረው ልጁ ይገባዋል፤ አይደነግጥምም።

እንግዲህ መምህራን የእንጨቱን ጐራዴ ያስጥሉ አንልም። ከጐራዴው አስቀድመው ግን ጭቃውንና የአያትን ተረት ያስጨብጡ። ከእውነት የተለየ ኵራት በዓሉ ሲያልፍ አብሮ ያልፋልና።