ጣቱን አይተን ቁስሉን ያለፍንበት ሥዕል

ካርል ባርትን ያነበበ ሰው ይህን ጣት ያውቀዋል። ባርት ከጽሕፈት ጠረጴዛው በላይ ሰቅሎት በኖረው የስቅለት ሥዕል ላይ መጥምቁ ዮሐንስ በአንድ እጁ የተከፈተ መጽሐፍ ይዞ፣ በሌላው ረጅም ጣት ወደ ተሰቀለው ጌታ ያመለክታል። አጠገቡ በላቲን የተጻፈው ከዮሐንስ ወንጌል 3፥30 ነው። ስለ ስብከት ስናስተምር ይህን ጣት ለብቻው ቆርጠን ለተማሪዎች እናሳያለን። ቅሬታዬ ከዚህ ላይ ነው፤ ጣቱ ወደ ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚያመለክት ሳናሳይ እናልፋለን።

ሥዕሉ በፈረንሳይ፣ በአልዛስ ክልል፣ በኮልማር ከተማ ባለው የኡንተርሊንደን ሙዚየም ይገኛል። ቤቱ ቀድሞ የዶሚኒካን ሴት መነኮሳት ገዳም ነበር። የኮልማሩ ሠዓሊ የማርቲን ሾንጋወር ሥራዎችም እዚያው አሉ። ማቲያስ ግሩኔቫልድ ግን ሥዕሉን ለሙዚየም አልሣለውም። ከ1512 እስከ 1516 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣለው ለኢሰንሃይም መነኮሳት ነው፤ እነርሱም በአባ እንጦንስ ስም የተሰየመ ማኅበር አባላት ሆነው ሕሙማንን ያስታምሙ ነበር። በሽታው “የእንጦንስ እሳት” ይባል ነበር። በእህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው፤ ሰውነትን ያቃጥላል፣ እጅና እግርን አድርቆ ያስቆርጣል። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1977 እና 1978 እ.ኤ.አ. በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ፣ ሲናር በተቀላቀለበት ገብስ ምክንያት ይኸው በሽታ ሰው ፈጅቷል።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ሕመምተኛ ዓይን ተመልከት። የክርስቶስ ቆዳ አረንጓዴ ወደ መሆን ደርሷል፤ መላ አካሉ በእሾህ ስንጣሪና በቁስል ተሞልቷል፤ ጣቶቹ ተወጣጥረው ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ሥዕሉ እንደ በር የሚከፈት ነው፤ መጋጠሚያው ከመስቀሉ ጎን ስለሚያልፍ ሲከፈት አንዱ ክንድ ከአካሉ ይለያል። ብዙዎች ይህን ክንዳቸውና እግራቸው ከተቆረጠባቸው ሕሙማን ጋር አያይዘውታል። ሠዓሊው አስቦበት ይሁን አይሁን፣ ክንዱን ያጣ ሰው ሳያስተውለው የሚቀር አይመስለኝም።

ወንጌላዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም። መነኮሳቱ በቅዱሱ ዐፅም ላይ የፈሰሰ ወይን ለሕሙማን ያጠጡ ነበር፤ እኛ ከዚህ ጋር ልንስማማ አንችልም። ሥዕሉ የተሠራበት የመሠዊያ ሥርዓትም ሉተር ወዲያው የተቃወመው ነው። ሆኖም ለታመመ ሰው የሚናገረውን ከእኛ አንዳንድ የፈውስ ፕሮግራሞች ጋር ሳነጻጽር የምናፍረው እኛ ነን። በመድረኩ ላይ ምስክርነት የሚሰጠው የተፈወሰው ብቻ ነው። ያልተፈወሰው እምነት እንደጎደለው ተነግሮት በጓሮ በር ይወጣል።

ከውስጠኛዎቹ ሥዕሎች አንዱ ላይ አጋንንት አባ እንጦንስን ይደበድባሉ። ከግርጌው አንድ ሰው ሆዱ ተነፍቶ፣ ገላው ቆስሎ ተቀምጧል። በሌላው ጥግ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ተሥሏል፤ በላዩም ቅዱሱ፣ ጌታ ኢየሱስ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረና ቁስሉን ሊፈውስ ለምን እንዳልመጣ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሙግት የመዝሙረ ዳዊት ልማድ ነው፤ በዝማሬዎቻችን ውስጥ ግን ብዙ ቦታ የለውም። ለእኔ ከዝነኛው ጣት ይልቅ ይህ ወረቀት ይበልጣል።

ትንሣኤውም ተሥሏል፤ ክርስቶስ በብርሃን ክበብ ውስጥ ይነሣል፣ ገላውም ነጽቷል። ፊቱ በብርሃኑ ውስጥ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል፤ ይህ ለእኔ ትንሽ ይበዛብኛል፣ ቶማስ የነካው ሥጋ አይመስልምና። የእጆቹና የእግሮቹ ችንካር ምልክት ግን አልጠፋም።

ዛሬ በኮልማር ክንፎቹ ተለያይተው ስለቆሙ ጎብኚው ስቅለቱንና ትንሣኤውን በአንድ ቀን ዞሮ ያያል። በኢሰንሃይም እንዲህ አልነበረም። ክንፎቹ የሚከፈቱት በበዓላት ነበር፤ በተራው ቀን ሕመምተኛው የሚያየው የተዘጋውን ገጽ፣ የቆሰለውን ጌታና ወደ እርሱ የተዘረጋውን ጣት ነበር።