«ኦሮማይ»ን ደብቀው ያነበቡ

በ1975 ዓ.ም. የደራሲ በዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» ለገበያ እንደቀረበ ከየመደብሩ ተለቅሞ ታገደ። አንባቢው ግን አልለቀቀውም፤ ከእጅ ወደ እጅ በስውር አዞረው። እነዚያን አንባቢዎች የማደንቃቸው በድፍረታቸው ብቻ ሳይሆን በሳቃቸውም ነው። ለመንግሥት የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ የወረደውን ጋዜጠኛ ፀጋዬን ተከትለው የሹማምንቱ ስብሰባዎች ውስጥ ይገባሉ፤ በፈጠራ ስም የተሸፈነውን ሹም ሲያገኙ «ይሄማ እገሌ ነው!» ብለው በሹክሹክታ ይስቃሉ። ሳቁ ጥያቄ አስከትሏል፤ ልብ ወለድ ከሆነ ሹማምንቱን ምን አስፈራቸው? እውነት ከሆነስ ለምን ይታገዳል? በዓሉ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ዛሬ በግልጽ ይሸጣል። ላላነበባችሁት፣ የስብሰባዎቹን ገጾች ቶሎ አትለፏቸው፤ በዓሉ የሹማምንቱን አነጋገር እንዴት አድርጎ እንደያዘው እዚያ ታገኙታላችሁ።