ጁፒተር 8 በመናኸሪያ

ጁፒተር 8 ሌንስን እወደዋለሁ። መሠረቱ ሉድቪግ በርቴሌ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዛይስ የነደፈው ዞናር ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች አባዝተው ለዞርኪ ካሜራ አዋሉት። ባለ 50 ሚሊሜትር ነው፤ ውስጡ ስድስት ብርጭቆ አለ። በዕድሜ የደረቀው ግሪስ በቤንዚን ታጥቦ አዲስ ሲቀባ፣ የትኩረት ቀለበቱ በአንድ ጣት ይዞራል።

ከዚያማ ሐዋሳ መናኸሪያ ይዞት መውጣት ነው! በካሜራው ማያ ቀዳዳ ሲያዩት የባጃጅ ሾፌር ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ቀለበቱን ቀስ ብለው ሲያዞሩት ሁለቱ ምስሎች ይገጥሙና አንድ ሰው ይወጣል። የቀትር ፀሐይ ጥላውን በሚያከስልበት ሰዓት እንኳ የሌንሱ ልስላሴ ከባጃጁ ጣሪያ ሥር ያለውን ፊት ያተርፋል። አዳዲሶቹ ሌንሶች የበለጠ ጥርት ያለ ምስል ያወጣሉ፤ ለሰው ፊት ግን እኔ ይህን አስበልጣለሁ። ስትገዙ ብርጭቆውን በባትሪ ብርሃን አሻግራችሁ እዩት፤ አቧራው ይጠረጋል፣ ሻጋታ የበላው ቅብ ግን አይመለስም።