ቁጥሩና ሕመምተኛው፦ ስለ አድሬናል ምርመራ አጻጻፍ ሂሳዊ ቅኝት

የለንደኑ የጋይ ሆስፒታል ሐኪም ቶማስ አዲሰን ስለ አድሬናል ዕጢዎች ሕመም እ.ኤ.አ. በ1855 ያሳተመው መጽሐፍ የ11 ሕሙማንን ታሪክ ብቻ የያዘ ነው። በዚያን ጊዜ ኮርቲዞል ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር። አዲሰን የነበሩት መሣሪያዎች ዓይኑ፣ ጆሮውና የአስከሬን ምርመራ ነበሩ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ዛሬ ሲነበብ ይበልጥ የሚያስደንቀው ስለ ዕጢዎቹ ያተተው ሳይሆን ስለ ድካም የጻፈው ክፍል ነው። ሕመምተኛው ቀስ በቀስ ከጤናው እየጎደለ መሄዱን፣ አካሉም አእምሮውም ከሥራ መሸሹን፣ የምግብ ፍላጎቱ መቀነሱን፣ የልብ ትርታው መድከሙንና ሆዱ መታወኩን ደራሲው በትዕግሥት ይከታተላል። የቆዳው መጥቆር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ጋር ተያይዞ ነው።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት ግን አይደለም። በቀለም የተሠሩት ሥዕሎቹ ነጭ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች የሚያሳዩ በመሆናቸው፣ ከእነርሱ የተማረ ዓይን በጠይም ቆዳ ላይ ያለውን ለውጥ በቀላሉ ያልፈዋል። በእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ላይ ድድን፣ የመዳፍ መስመሮችን፣ የጣት መገጣጠሚያዎችንና አዲስ ጠባሳን ማየት ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ ግን የቤተሰብን ቃል መስማት ይገባል። በአማርኛ «ከሳ፣ ጠቆረ» የሚለው አነጋገር ለተጎሳቆለ ሰው ሁሉ የሚነገር ስለሆነ ሰሚው የኑሮ ጫና ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ቃላት የአዲሰንን ሕመም ሁለት ዋና ዋና ምልክቶች ይዘዋል። በአዲሰን ሕሙማን መካከል ዕጢዎቻቸው በነቀርሳ የተጎዱ ነበሩ። ነቀርሳ ባልጠፋበት አገር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ይህ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። ለነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ኮርቲዞል በጉበት ውስጥ የሚወገድበትን ፍጥነት ስለሚጨምር፣ ዕጢው የተዳከመበት ሰው ሕክምናውን በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

ከአዲሰን መጽሐፍ ወደ ዛሬው የምርመራ ቅጽ ሲመጣ አጻጻፉ በእጅጉ ይለወጣል። 250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች በደም ሥር ወይም በጡንቻ ይሰጣል፤ ደም በመጀመሪያ፣ ከ30 ደቂቃና ከ60 ደቂቃ በኋላ ይቀዳል፤ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ። ለረጅም ዘመን በሊትር 500 ናኖሞል፣ ማለትም በዴሲሊትር 18 ማይክሮግራም ገደማ፣ እንደ ድንበር ሲያገለግል ቆይቷል። አዳዲሶቹ የመለኪያ ዘዴዎች ኮርቲዞልን ለይተው ስለሚለኩ ድንበሩ ወደ 14 ወይም 15 ማይክሮግራም ዝቅ ብሏል። ስለዚህ አንድ ሰው በአሮጌው መለኪያ ድንበር «ሕመምተኛ»፣ በአዲሱ ደግሞ «ጤነኛ» ሊባል ይችላል። በእርሱ በኩል ግን የተለወጠ ነገር የለም፤ ጠዋት ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል።

ቅጹ የሚነቀፈው ቁጥር በመጻፉ አይደለም። ያለ ቁጥር የሚደረግ ምርመራ ምን ያህል እንደሚያሳስት የሕክምና ታሪክ ይመሰክራል። የሚነቀፈው ሕመምተኛው በዚያ ሰዓትና ከዚያ በኋላ የተሰማውን የሚመዘግብበት ቦታ ስለሌለው ነው። መርፌው ራሱ በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ፊቱ ይግላል፣ ሌላው ያቅለሸልሸዋል፤ ከባድ አለርጂ የሚከሰተው አልፎ አልፎ ነው። የኢንሱሊኑ ምርመራ ግን ከዚህ ይለያል። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች እንዲወርድ ሆን ተብሎ ስለሚደረግ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታትና ፍርሃት የምርመራው አካል ናቸው። የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የማይታዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ መመሪያዎች እነዚህን ስሜቶች «የሚጠበቁ ምልክቶች» ብለው በአንድ መስመር ያልፏቸዋል። ለባለሙያው የሚጠበቁ ናቸው፤ አስቀድሞ ላልተነገረው ሕመምተኛ ግን ሞት የመጣ ሊመስለው ይችላል።

ከምርመራው በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሰውነቱ እንደ ዛለ የሚናገር ሰውም አለ። ይህን መርፌው ያመጣው አድርጎ መቁጠር ይቀናል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ለምርመራው ሲባል ሃይድሮኮርቲዞኑ ተቋርጧል፣ ቁርስ አልተበላም፣ ሌሊቱ በጭንቀት አልፏል። ዕጢው የሚሠራለት ሰው ኤሲቲኤቹ ያፈሰሰለትን ኮርቲዞል አግኝቶ ለጥቂት ሰዓት ሊበረታ ይችላል፤ ዕጢው የማይሠራው ግን ያ ብርታት አይደርሰውም። ይህን ልዩነት ሕመምተኛውን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም። በእርግጥ ስሜት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም የትኛው መድኃኒት መቼ እንደ ተቋረጠ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የከፋው የአጻጻፍ ጉድለት የሚታየው «ውጤቱ ደህና ነው» በሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ምርመራው የሚመልሰው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ ዕጢው ዛሬ ሲገፋ ይነሳል ወይስ አይነሳም? ሕመምተኛው የጠየቀው ደግሞ ለምን አቅም እንዳጣ ነው። የፒቱታሪ ዕጢ ከተጎዳ ገና ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነው አድሬናሉ ስላልሟሸሸ ለመርፌው ደህና መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ሲሳሳት የሰውየው ስሜት ትክክል ሆኖ ይገኛል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ሴት ደግሞ ኮርቲዞልን የሚሸከመው ፕሮቲን ስለሚጨምርባት ጠቅላላ መጠኑ ከእውነቱ በላይ ይነበባል። ፕሬድኒሶሎንን ለወራት ወስዶ የሚያቋርጥ ሰው ሁኔታ ከዚህም ይረቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓና የአሜሪካ የሆርሞን ሕክምና ማኅበራት የጋራ መመሪያ የጠዋት ኮርቲዞል በዴሲሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ ከሆነ ዕጢው እንዳገገመ፣ ከ5 በታች ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ መቀጠል እንዳለበት ይገልጻል። ይኸው መመሪያ ዕጢው ቢያገግምም ሕመምተኛው በስቴሮይድ መውረድ ምክንያት መገጣጠሚያው ሊያመው፣ ሊደክመውና ሊከፋው እንደሚችል ማስፈሩ ከቀደሙት ብዙ ጽሑፎች የተሻለ ያደርገዋል። ቁጥሩና ስሜቱ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚቀበል ጽሑፍ ብዙ አይገኝም።

ይህ ቦታ ባዶ ሲቀር ሌላ ሰው ይሞላዋል። «የአድሬናል ድካም» የሚለው የገበያ ስም የተስፋፋው በዚህ ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ለዚህ ስም ሳይንሳዊ መሠረት አለማግኘቱን በግልጽ አስፍሯል፤ ግምገማው ትክክል ነው፣ ሆኖም ለደከመው ሰው የሚተወው መልስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለአድሬናል ይረዳሉ ተብለው ከሚሸጡ 12 ምርቶች በሁሉም የታይሮይድ ሆርሞን፣ በአብዛኞቹም የስቴሮይድ ሆርሞን አግኝቷል። «ደህና ነህ» ተብሎ የተሸኘ ሰው እንዲህ ያለውን ምርት ለወራት ቢወስድ፣ ያልነበረበት የዕጢ መዳከም በእርግጥ ሊመጣበት ይችላል።

ስሜትን ለመለካት የተደረገ ሙከራ የለም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበው አዲኮል የተሰኘው መጠይቅ ከአዲሰን ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ጉልበት፣ እንቅልፍና መንፈስ ይጠይቃል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ የሚጀምረው ግን ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ነው። መልስ እየጠበቀ ያለውን፣ ወይም ቁጥሩ በድንበሩ ላይ የቆመበትን ሰው አያገኘውም። መጠይቁ ወደ አማርኛ ቢመለስ ደግሞ የመጀመሪያው እንቅፋት «ድካም» የሚለው ቃል ይሆናል። ከእርሻ የተመለሰም ደከመኝ ይላል፣ ያዘነም ደከመኝ ይላል። «ዛልሁ»፣ «ጉልበቴ ከዳኝ»፣ «ስነሳ ራሴን ያዞረኛል»፣ «ጨው ጨው ይለኛል» የሚሉት ግን ለየብቻቸው ትርጉም አላቸው፤ በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሶዲየምንና የደም ግፊትን መውረድ ያመለክታሉ። ባለሙያው «ድካም» ብሎ በአንድ ቃል ሲያጠቃልላቸው የሕመሙ ምልክት ከካርዱ ላይ ይጠፋል።

ቸል የማይባል አንድ ነገር ይቀራል። የደም ግፊቱ የወረደና የሚያስመልሰው ሰው ምርመራ አይጠብቅም፤ ደም ተቀድቶ ወዲያው 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን ይሰጠዋል። በቀጠሮ ለሚመረመረው ደግሞ የመጨረሻው ደም እንደ ተቀዳ የተዘለለው መድኃኒት እዚያው ሊሰጠው፣ ምግብና ውኃም ሊቀርብለት ይገባል። ቅጹ ደም የተቀዳባቸውን ሦስት ሰዓቶች ይጠይቃል፤ መድኃኒቱ የተመለሰበትን አራተኛውን ሰዓት ግን አይጠይቅም።